የሶኒ ዎክማን ኤ306 ግምገማ፦ ስልክ ባለበት ዘመን የሙዚቃ ማጫወቻ ለማን ይጠቅማል?

ሙዚቃ ብቻ የሚያጫውት መሣሪያ ገንዘብ ከፍሎ መግዛት ዛሬ ምክንያት የሚጠየቅበት ነገር ሆኗል። ስልክ በየሰው ኪስ አለ፤ ዘፈንም ያጫውታል፤ ኢንተርኔት እስካለ ድረስ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዘፈኖችን ያቀርባል። አፕል እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2001 በ5 ጊጋባይት ማከማቻ የጀመረውን አይፖድ ማምረት ማቆሙን በሜይ 2022 ሲያሳውቅ፣ የማጫወቻዎች ዘመን አበቃለት ያለው ሰው ጥቂት አልነበረም። ይሁን እንጂ ሶኒ፣ ፊዮና ሃይቢን የመሳሰሉ ኩባንያዎች ዛሬም አዳዲስ ማጫወቻዎችን ያወጣሉ፤ ገዢም አላጡም። እዚህ የምገመግመው ከስልኬ ጎን ለጎን የምጠቀምበትን የሶኒ ኤንደብሊው-ኤ306 ዎክማን ሲሆን፣ የምመዝነውም አዲስ አበባ ከሚኖርና በብዛት የአማርኛ ሙዚቃ ከሚያዳምጥ ሰው አንጻር ነው። በውጭ አገር የሚጻፉት ግምገማዎች የማይቋረጥ ኢንተርኔትና የተሟላ የሙዚቃ ክምችት አለ ከሚል ግምት ስለሚነሡ፣ የሚደርሱበት ፍርድ ለእኛ ብዙ ጊዜ አይሠራም።

መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ገበያ ላይ የዋለ ነው። ክብደቱ 113 ግራም፣ ስክሪኑ 3.6 ኢንች፣ ሰውነቱ አሉሚኒየም ሲሆን ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ሳይከብድ ይቀመጣል። በአንድሮይድ 12 ስለሚሠራ ዋይፋይ በተገኘበት ቦታ የስትሪሚንግ (ሙዚቃን በቀጥታ ከኢንተርኔት የሚያጫውቱ) መተግበሪያዎችን መጫን ይቻላል፤ ሲም ካርድ ግን አይቀበልም፣ ካሜራም ሆነ የራሱ ስፒከር የለውም። የጆሮ ማዳመጫ የሚሰካው በተለመደው 3.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ነው። ማከማቻው 32 ጊጋባይት ነው ቢባልም ሲስተሙ የሚይዘው ሲቀነስ ለሙዚቃ የሚተርፈው 18 ጊጋባይት ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ሚሞሪ ካርድ መጨመር ግድ ይላል። ሲወጣ በአውሮፓ ይሸጥ የነበረው በ400 ዩሮ ገደማ ነው፤ በዚህ ገንዘብ ጥሩ መካከለኛ ስልክ ይገዛል። ወደ እኛ የሚመጣው በአብዛኛው ከውጭ በሚመለስ ሰው እጅ ስለሆነም አንድ ነገር አስቀድሞ ማሳሰብ ያስፈልጋል፦ ለአውሮፓ ገበያ የሚዘጋጁት የሶኒ ማጫወቻዎች የድምፃቸው ከፍታ በደንብ የተገደበ በመሆኑ፣ ከዚያ የሚያመጣ ሰው ድምፁ አነሰብኝ ማለቱ አይቀርም። ከሌላ ገበያ ማስመጣት ይሻላል።

ብዙ ሰው ማጫወቻ የሚገዛው ለድምፅ ጥራት ብሎ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ይህ ከምክንያቶቹ ሁሉ ደካማው ነው። የሲዲ ድምፅ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ናሙና እየተወሰደ በ16 ቢት የሚቀረጽ ሲሆን፣ ሳይጨመቅ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይወጣዋል። ፍላክ የሚባለው የፋይል ዓይነት ከዚህ ላይ አንዳች ነገር ሳያጎድል መጠኑን ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል፤ ኤምፒ3 በበኩሉ ጆሮ ብዙም አይለየውም ተብሎ የሚታሰበውን ክፍል እየጣለ ወደ 320 ኪሎቢትና ከዚያም በታች ያሳንሰዋል። ስፖቲፋይ ለረጅም ጊዜ ለከፋይ ደንበኞቹ ይሰጥ የነበረው ከፍተኛው ጥራት ይኸው 320 ኪሎቢት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ግን ምንም ያልጎደለውን ድምፅ ማቅረብ ጀምሯል። አፕል ሙዚክ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያቀርበዋል። ስለዚህ ስልክ የሚያጫውተው የተበላሸ ድምፅ ነው የሚለው የድሮ ክርክር፣ ቢያንስ የሙዚቃውን ምንጭ በተመለከተ ዛሬ የሚያስኬድ አይደለም።

የሚቀረው ልዩነት ዲጂታሉን ፋይል ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚቀይረው ቺፕና የጆሮ ማዳመጫውን የሚገፋው ማጉያ ነው። አይፎን እ.ኤ.አ. በ2016 የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳውን ካስወገደና ሌሎችም ከተከተሉት ወዲህ ብዙ ስልኮች በዩኤስቢ-ሲ የሚሰካ ትንሽ መቀየሪያ ይፈልጋሉ፤ መቀየሪያው ውስጥ ያለው ቺፕ ግን ማንም ሊንቀው የሚገባ አይደለም። አፕል በ9 ዶላር የሚሸጠው መቀየሪያ በመሣሪያ ሲለካ ከእሱ ብዙ እጥፍ ዋጋ ካላቸው ዕቃዎች ጋር የሚወዳደር ነው። አንድን የፍላክ ፋይል በስልክና በመቀየሪያው፣ ከዚያም በዎክማኑ፣ በዚያው በአንድ የጆሮ ማዳመጫ፣ የድምፁን ከፍታ እኩል አድርጎ ለሰማ ሰው ልዩነቱ በጣም ትንሽ ነው። የድምፁን ከፍታ እኩል ማድረጉ ወሳኝ ነው፤ ጥቂት ከፍ ብሎ የሚሰማ ድምፅ ሁልጊዜ የተሻለ ስለሚመስል፣ ገበያ ላይ የሚሰማው አብዛኛው «ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው» የሚል ምስክርነት ከዚህ የመነጨ ነው ብዬ አምናለሁ። በዎክማኑ የዋሽንት ነፋሻ ድምፅ ጥቂት ለስለስ፣ የቤዙ ምት ጥቂት ሞላ ብሎ ይሰማኛል፤ ይሁን እንጂ ለዚህ ብቻ 400 ዩሮ ክፈሉ ብዬ ማንንም አልመክርም። ያን ገንዘብ ለድምፅ ጥራት ብሎ የያዘ ሰው አስቀድሞ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ይግዛ፤ ለውጡን የሚሰማው እዚያ ላይ ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ መታወቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ። ሽቦ አልባ የጆሮ ማዳመጫ የሚጠቀም ሰው ውድ ማጫወቻ ቢገዛ የሚያተርፈው እጅግ ጥቂት ነው። በብሉቱዝ ሲተላለፍ ሙዚቃው በዲጂታል መልኩ ተጨምቆ ይላካል፤ ወደ ድምፅ የሚቀየረውም ጆሮ ላይ ባለው ትንሽ ዕቃ ውስጥ ነው። ሶኒ ዋጋ ያስከፈለበት ቺፕና ማጉያ በዚህ ጊዜ ሥራ ፈት ይሆናል። ኤልዳክ የሚባለው የሶኒ የብሉቱዝ ስልት በሰከንድ እስከ 990 ኪሎቢት ስለሚያስተላልፍ ከሌሎቹ የተሻለ ቢሆንም፣ እሱ ዛሬ በአብዛኞቹ የአንድሮይድ ስልኮች ላይም ስለሚገኝ የማጫወቻው ብቸኛ ጥቅም ሆኖ ሊቆጠር አይችልም።

የእኔ ክርክር የሚጀምረው ከኢንተርኔቱ ነው። በ160 ኪሎቢት ጥራት አንድ ሰዓት ማዳመጥ 72 ሜጋባይት ይፈጃል፤ በ320 ደግሞ 144። በቀን ሁለት ሰዓት የሚያዳምጥ ሰው በመካከለኛው ጥራት እንኳ በወር ከ4 ጊጋባይት በላይ ያወጣል፤ በፍላክ ደረጃ ከሆነ ደግሞ ይህ አምስትና ስድስት እጥፍ ይደርሳል። አብዛኛው የአገራችን አድማጭ ግን ሙዚቃ የሚሰማው በስፖቲፋይ ሳይሆን በዩቲዩብ ስለሆነ፣ ጥቅሉን የሚጨርሰው የማያየው ቪዲዮ ነው። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሆኖ ምስሉ እየተጫወተ፣ ስክሪኑ እንዳይጠፋ እየተጠበቀ፣ በየመሃሉ ማስታወቂያ እየገባበት የሚሰማ ትዝታ ሙዚቃ መስማት ነው ለማለት ይከብደኛል። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ወገናችን ያልተገደበ ጥቅል ስላለው ይህ ሂሳብ ላያሳስበው ይችላል። እዚህ ግን ጥቅል ብቻ ሳይሆን ኔትወርኩም አለ፤ ከከተማ ወጣ ሲባል፣ አባይ በረሃ ሲወረድ ወይም ጣርማበር ሲደረስ ዘፈኑ መሃል ላይ ቆሞ ክቡ መሽከርከር ይጀምራል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ ተቋርጦ የነበረው ኢንተርኔት የተመለሰው ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ እንደነበርም የሚረሳ አይመስለኝም።

አውርዶ ማስቀመጥ ይቻላል የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይቻላል፤ ነገር ግን ከስትሪሚንግ የሚወርድ ዘፈን በኪራይ የተሰጠ ዘፈን ነው። ስፖቲፋይ ያወረድናቸውን ዘፈኖች ለማጫወት ቢያንስ በ30 ቀን አንድ ጊዜ ኢንተርኔት እንድናገኝ ይጠይቃል፤ ወርኃዊ ክፍያው ሲቋረጥም የወረደው ሁሉ ይዘጋል። በአገር ውስጥ ባንክ ካርድ ለውጭ አገልግሎት በየወሩ መክፈል ለብዙ ሰው ቀላል ባለመሆኑ፣ ክፍያው የሚፈጸመው በውጭ ባለ ዘመድ ካርድ ነው፤ ካርዱ ሲቀየር ወይም ዘመድየው ሲረሳ የዓመታት ዝርዝር አንድ ቀን ጠዋት ዝም ይላል።

ከሁሉም የሚከብደኝ ግን የክምችቱ ጉዳይ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን መሥርቶ ያሳተማቸው ሸክላዎች፣ እንዲሁም ካይፋ ሪከርድስ ያወጣቸው፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው የኢትዮፒክስ ተከታታይ አማካይነት እንደገና ስለታተሙ ዛሬ በስትሪሚንግ ላይ ይገኛሉ። ከዚያ በኋላ የመጣው የካሴት ዘመን ግን ይህን ዕድል አላገኘም። ከአብዮቱ ወዲህ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ የአማርኛ ሙዚቃ የኖረው በካሴት ነው፤ ብዙዎቹን ያሳተሟቸው ሙዚቃ ቤቶች ዛሬ የሉም፤ ማስተሩ (ዋናው ቅጂ) የት እንደደረሰ፣ መብቱ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ማግኘትም አስቸጋሪ ነው። የሙዚቀኛውን የኃይሉ መርጊያን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል፦ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው የአኮርዲዮንና የኪቦርድ ካሴት በዓለም ገበያ የታወቀው አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶት በ2013 እንደገና ካሳተመው በኋላ ነው። እስከዚያ ሙዚቀኛው ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር። እንዲህ ያለ አሳሽ ያላገኛቸው፣ በየቤቱ ካርቶን ውስጥ አቧራ የለበሱ ካሴቶች ስንት እንደሆኑ መገመት ለማንኛችንም አይከብድም። የገጠር አዝማሪ የሰርግ ቅጂ፣ የድሮ የመሰንቆ መዝሙር፣ የወሎ መንዙማ፣ አንድ ክፍለ ሀገር ውስጥ ብቻ የተሸጠ የኪነት ቡድን ሥራ፤ እነዚህ በስፖቲፋይም በአፕል ሙዚክም ተፈልገው አይገኙም።

ዩቲዩብ ላይ የሚገኙት ደግሞ በማንኛውም ቀን ሊጠፉ ይችላሉ። የጫናቸው ግለሰብ ቻናሉ ሲዘጋበት፣ መብት አለኝ የሚል ሰው ሲያስወርዳቸው፣ ወይም የይለፍ ቃሉን ሲረሳ ያ ሥራ ከሕዝብ ጆሮ ይሰወራል። ሳይጠፉ የቆዩትም ብዙውን ጊዜ ጉዳት አለባቸው። ካሴት የሚያጫውት ቴፕ ሞተሩ ጥቂት ሲፈጥን ወይም ሲዘገይ ቅኝቱ ይዛባል፤ 6 በመቶ ያህል ፍጥነት መጨመር ሙዚቃውን ግማሽ ድምፅ ከፍ ያደርገዋል። ከጓደኛዬ ቤት ካርቶን ያገኘሁትን አንድ የክራር ካሴት ከዩቲዩብ ቅጂው ጋር አስተያይቼ እንደሰማሁት፣ ቻናሉ ላይ ያለው ዘፋኝ ድምፁ ቀጥኖ ወጣት ልጅ መስሏል፤ የክራሩም ጅማት ተወጥሮ ሊበጠስ የደረሰ ይመስላል። በዋናው ካሴት ያለው ግን ጎርነን ያለ፣ እስትንፋሱ በየስንኙ መጨረሻ የሚሰማ ሽማግሌ ነው። ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፍጥነቱን ማስተካከል የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ይህን ማድረግ የሚቻለው ግን ፋይሉ የራስ ሲሆን ብቻ ነው። በእኔ አስተያየት የማጫወቻ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ማጫወቻው የሚያስከብረው ቺፑን ሳይሆን ሰው ለራሱ ሰብስቦ፣ አርሞና ስም ሰጥቶ ያቆየውን ስብስብ ነው።

ስም መስጠቱ ራሱ ቀላል ሥራ አይደለም። በስትሪሚንግ ላይ ጥላሁን ገሠሠን በላቲን ፊደል የሚፈልግ ሰው በብዙ ዓይነት አጻጻፍ ተበታትኖ ያገኘዋል፤ በግዕዝ ፊደል የሚፈልግም «ገሠሠ» እና «ገሰሰ» የተለያዩ ሰዎች ይሆኑበታል። በራስ ፋይል ላይ ኤምፒ3ታግ በተባለው ነፃ ፕሮግራም የዘፋኙን፣ የግጥምና የዜማ ደራሲውን፣ ያቀናበረውን፣ ያሳተመውን ሙዚቃ ቤትና ዓመቱን በአንድ ወጥ አጻጻፍ ማስፈር ይቻላል። ዎክማኑ በአንድሮይድ ስለሚሠራ የግዕዙን ፊደል አጥርቶ ያሳያል፤ የአልበሙንም ተራ ይጠብቃል። በዩኒኮድ (በዓለም አቀፉ የፊደል ኮድ) ሳይሆን በድሮዎቹ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፉ ስሞች ግን በማንኛውም መሣሪያ ላይ ትርጉም የሌላቸው የላቲን ምልክቶች ሆነው ስለሚወጡ እንደገና መጻፍ አለባቸው። መርካቶ ውስጥ በርካሽ የሚሸጡት ትንንሽ ኤምፒ3 ማጫወቻዎች በአንጻሩ ብዙዎቹ ግዕዝን ስለማያውቁ በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ይደረድራሉ፤ ዝርዝሩ ሁሉ ሳጥን ሲሆን የሚፈለገውን ዘፈን ማግኘት የዕድል ጉዳይ ይሆናል።

በዕለት ተዕለት አጠቃቀም ዎክማኑን የምወድበት አንድ ግልጽ ምክንያት አለ፤ በጎኑ ላይ የተደረደሩት ቁልፎች። የማጫወቻና የማቆሚያ፣ የወደ ፊትና የወደ ኋላ፣ የድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ ቁልፎቹ ሁሉም በጣት ብቻ የሚለዩ ናቸው፤ በስሕተት እንዳይነኩ የሚቆልፍ ተንሸራታች ማብሪያም ከታች አለ። መገናኛ ላይ ማታ በሚጋፉበት ታክሲ ውስጥ ስልክ አውጥቶ ዘፈን መቀየር የሚያስከትለውን ሁሉም ያውቀዋል። ዎክማኑ ግን ከኪስ ሳይወጣ ይታዘዛል።

ባትሪውን በተመለከተ ሶኒ በሲዲ ጥራት ፍላክ እስከ 36 ሰዓት ያጫውታል ይላል። የድምፅ ማሻሻያዎቹን አጥፍቶ፣ ዋይፋዩንም ዘግቶ በሽቦ ለሚያዳምጥ ሰው ቁጥሩ የተጋነነ አይደለም፤ ዋይፋይ ከፍቶ ስትሪሚንግ ለሚጠቀም ወይም የሶኒን ዲኤስኢኢ ማሻሻያ ለሚያበራ ግን በግልጽ ያንሳል። ዋናው ቁም ነገር ደግሞ ሙዚቃው የስልኩን ባትሪ አለመንካቱ ነው። ዛሬ በቴሌብር የሚከፍል፣ ታክሲ በስልክ የሚጠራ፣ የባንክ ማረጋገጫ ቁጥሩን በስልክ የሚቀበል ሰው ማታ ስልኩ ቢዘጋበት ቤቱ መድረሱ ራሱ ያስቸግረዋል፤ መብራት በጠፋ ምሽት ደግሞ ይበልጡን። ሙዚቃን ከስልኩ ላይ ማንሳት ለስልኩ ማረፊያ ነው። ለአድማጩም ማረፊያ ነው፤ በዘፈኑ መሃል የሚደወል፣ የቴሌግራም መልእክት የሚያንጫጫ ነገር ስለሌለ አንድ ካሴት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደታተመው ይሰማል።

ጉድለቶቹን ሳልናገር ማለፍ ተገቢ አይሆንም። ማከማቻው ለዋጋው እጅግ አነስተኛ ነው፤ ዛሬ ከዚህ የረከሰ ስልክ አራት እጥፍ ይሰጣል። ፕሮሰሰሩ ደካማ ስለሆነ የስትሪሚንግ መተግበሪያዎች ሲከፈቱ ይንቀራፈፋሉ፤ ብዙ ሺህ ዘፈን ያለበት ካርድ ሲገባበትም ዝርዝሩን አንብቦ እስኪጨርስ ትዕግሥት ይጠይቃል። የማጉያው ኃይል 16 ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም ባለው ማዳመጫ ላይ በእያንዳንዱ ጆሮ 35 ሚሊዋት ነው፤ ይህ ለትንንሽ የጆሮ ማዳመጫዎች ይበቃል፤ ስቱዲዮ ውስጥ የሚጠቀሙባቸውን ባለ ከፍተኛ ኦም ትልልቅ ማዳመጫዎች ግን በቅጡ አይገፋቸውም። በአንድሮይድ የሚሠራ መሣሪያ እንደመሆኑም ሲስተሙ እየቆየ ሲሄድ አዳዲስ መተግበሪያዎች እሱን መደገፍ ያቆማሉ፤ ያኔ የሚቀረው ዋና ሥራው፣ ማለትም ከካርድ ላይ ያለውን ማጫወት ነው።

ታዲያ ለማን ነው? ከካሴት፣ ከሲዲ ወይም ከግዢ የተሰበሰበ የራሱ ፋይል ላለው፣ በሽቦ ለሚያዳምጥና ገንዘቡ ለማይቸግረው ሰው ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። ስብስብ የሌለውና በየሳምንቱ የሚወጣውን አዲስ ነጠላ ዜማ የሚከታተል ሰው ግን አይግዛው፤ ስልኩ ይበቃዋል። ስብስብ እያለው ገንዘቡ ለከበደው ሰው ደግሞ ከሁለቱም የሚሻል መንገድ አለ፦ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ የአንድሮይድ ስልክ፣ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳና የሚሞሪ ካርድ ቦታ ካለው፣ ሲም ካርዱን አውጥቶ፣ ቪኤልሲ የተባለውን ነፃ ማጫወቻ ብቻ ጭኖበት ከሞላ ጎደል የዎክማኑን ሥራ ይሠራል፤ ግዕዙንም ያሳያል። የሚያጣው የጎን ቁልፎቹንና ረጅሙን ባትሪ ነው። ፊዮ በስኖውስካይ ስም በ2025 ያወጣው ኤኮ ሚኒ 60 ዶላር ገደማ የሚሸጥ፣ የካሴት መልክ ያለውና ሚሞሪ ካርድ የሚቀበል ማጫወቻ ነው፤ በአንድሮይድ ስለማይሠራ ግን የአማርኛ ስም ያለው አንድ ፋይል ጭኖ ሳያዩ ገንዘብ መስጠት አይገባም።

ፋይሉ ከየት ይምጣ የሚለውም ሊነሣ ይገባል። ለዓመታት የለመድነው ሱቅ ገብቶ በጥቂት ብር መቶ ዘፈን ማስጫን ነበር፤ ከዚያ ገንዘብ ለባለሙያው የሚደርስ ሳንቲም አልነበረም። የቅጅና የተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይህን ከከለከለ ቢቆይም ልማዱ አልጠፋም። ስለዚህ አዲስ አልበም ሲወጣ ገንዘቡ ወደ ባለሙያው በሚሄድበት መንገድ፣ እንደ አውታርና ሰዋስው ባሉ የአገር ውስጥ መተግበሪያዎችም ይሁን በውጭዎቹ፣ መስማት ይገባል እላለሁ፤ ሲዲው ካለ ገዝቶ ወደ ፍላክ መገልበጥ ደግሞ ከሁሉም ይመረጣል። ማጫወቻዬ ላይ ያለው በአብዛኛው ገበያው ጥሎት የሄደ ነው፤ እሱንም ከካሴቱ ባለቤት ቤት ሄጄ፣ በደህና ቴፕ አጫውቼ በኮምፒውተር የገለበጥኩት ነው። ካሴት ሲገለበጥ በቀጥታ ወደ ኤምፒ3 ማድረግ አይገባም፤ መጀመሪያ በፍላክ ይቀመጥ፤ የሚታረመው ከታረመ በኋላ ለስልክ የሚሆነውን ኤምፒ3 ከእሱ ማውጣት ይቻላል፤ ከኤምፒ3 ወደ ፍላክ መመለስ ግን የጠፋውን አያመጣም።

ሚሞሪ ካርድ ስለመግዛት የምጨምረው አለ። ገበያው ውስጥ 256 ጊጋባይት ተብለው የሚሸጡ፣ በውስጣቸው ግን 8 ወይም 16 ብቻ ያላቸው አስመሳይ ካርዶች ሞልተዋል። ኮምፒውተር ላይ ሲሰኩ የተጻፈባቸውን ቁጥር ያሳያሉ፤ ሲጫንባቸውም ተጭኗል ይላሉ፤ ልካቸው ካለፈ በኋላ የሚጻፈው ግን የትም አይቀመጥም፤ ይህ የሚታወቀውም ዘፈኑ ሲከፈት ነው። ኤች2ቴስትደብሊው የተባለው ነፃ ፕሮግራም ካርዱን እስከ ዳር ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነተኛ መጠኑን ይናገራል፤ ለትልቅ ካርድ ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል ማታ አስጀምሮ ማደር ይሻላል፤ ሻጩም ካርዱ ካልተመሳከረ እንዲመልስ አስቀድሞ መስማማት ይገባል። ፈተናውን ያለፈ ካርድም ቢሆን የሚበላሽበት ቀን ስለማይታወቅ፣ ስብስቡ በኮምፒውተር ላይና ከቤት ውጭ በሚቀመጥ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ቅጂ ሊኖረው ይገባል፤ በተለይም ሌላ ማንም ዘንድ የሌለ ካሴት የተገለበጠበት ከሆነ።